ስካን ሲደረግ የማይገረጣ ገጸ ባሕርይ፦ ከከለር እርሳሱ እስከ ኮፒ ቤቱ

ወረቀቱ ላይ ሲያዩት ደስ የሚለው ሥዕል ስካን ተደርጎ ስልክ ላይ ሲከፈት ፊቱ ገርጥቶ፣ ጥላው ሁሉ ግራጫ ሆኖ፣ ነጠላው ከወረቀቱ ጋር ተቀላቅሎ ጠፍቶ ይመጣል። ብዙ ሰው ስካነሩን ይረግማል። ስካነሩ ከደሙ ንጹሕ ነው አልልም። ግን ግማሹ ጣጣ የሚጀምረው ገና ስንቀባ ነው፤ ወይ በጣም አፍዝዘን እንቀባለን፣ ወይ ወረቀቱ እስኪያብረቀርቅ እንጫነዋለን፣ ስካነር ደግሞ ሁለቱንም አይወድም። ስለዚህ አቀባቡንና ስካኑን አንድ ላይ ነው የማሳያችሁ።

የምጽፈው በተለይ ከአዲስ አበባ ዳር ላለነው ነው። ኮዬ ፈጬ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ የካ አባዶ፣ ጣፎ፣ ጀሞ። እዚህ ደህና የሥዕል ወረቀት ፍለጋ ፒያሳ ወይም አራት ኪሎ ድረስ መሄድ አለ፣ መብራት እንዳሻው ይጠፋል፣ ስካነር የሚባለውም አብዛኛውን ጊዜ ከኮንዶሚኒየሙ ሥር ያለችው ኮፒ ቤት ማሽን ነው። በዚህም ቢሆን ጥሩ ነገር ይወጣል።

መጀመሪያ ዕቃው

ከለር እርሳስ በጥቅሉ ሁለት ዓይነት ነው፤ ሰም የበዛበትና ዘይት የበዛበት። የሰሙ ለስላሳና ደማቅ ነው፣ ቶሎ ይሞላል፣ ጫፉ ግን ቶሎ ይደንዛል። የዘይቱ ጠንከር ይላል፣ ሹል ሆኖ ይቆያል፣ ለዓይንና ለፀጉር ይመቻል። ፕሪዝማከለር ፕሪሚየር ከመጀመሪያው ወገን ነው፣ የፋበር ካስቴሉ ፖሊክሮሞስ ከሁለተኛው። ሁለቱም ኪስ ይጎዳሉ። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካላችሁ እዘዙ፣ ከሌላችሁ ተማሪ የሚገዛው ባለ 24 ፓኮ ለመጀመር ይበቃል።

ስትገዙ አንዷን አውጥታችሁ ሳትጫኑ ወረቀት ላይ አስኪዷት። ቀለም ከተወች ግዙ። ቧጭራ ብቻ ካለፈች ባለ 48ም ቢሆን ተዉት። ቡናማ፣ ብርቱካናማ፣ ጥቁር ሰማያዊና ወይን ጠጅ መኖራቸውን አረጋግጡ፤ የኛን ሰው ፊት የሚሠሩት እነሱ ናቸው። «የቆዳ ቀለም» ተብላ ፓኮው ውስጥ የምትገባው ሮዝ ነገር ለአብዛኞቹ ገጸ ባሕርያታችን አትሆንም፤ ለመዳፍና ለከንፈር ታገለግል ይሆናል።

እርሳሶቹን እንዳትጥሏቸው። ሲወድቁ ውስጡ ያለው ቀለም ይሰባበራል፣ እንጨቱ ግን ደህና ይመስላል፣ ከዚያ በቀረጻችሁት ቁጥር ጫፉ እየተቆረጠ ይወድቃል። ታክሲ ውስጥ ተጋፍታችሁ የምትሄዱ ከሆነ ፓኮውን በጨርቅ ጠቅልሉት።

ወረቀት ላይ አትቆጥቡ። ተራው የኮፒ ወረቀት በካሬ ሜትር 80 ግራም ነው፣ ሁለት ሦስት ንብርብር ቀለም ከያዘ በኋላ ይንሸራተታል፣ ከዚያ በላይ ምንም አይቀበልም። ከ160 ግራም በላይ የሆነና ጥቂት ብቻ ሻካራ የሆነ ወረቀት ፈልጉ። በጣም ሻካራውን አልመክርም፤ በጉድጓዶቹ ውስጥ የሚቀሩት ነጫጭ ነጠብጣቦች በዓይን ብዙም አይታዩም፣ ስካነር ግን አንድ በአንድ ለቅሞ ያወጣቸዋል።

መስመሩን ማዘጋጀት

ንድፉን በተራ እርሳስ ሠርታችሁ በላዩ ላይ በቀጥታ አትቅቡ። የእርሳሱ ጥቁር ከቢጫው ጋር ተቀላቅሎ ቆሻሻ አረንጓዴ ይሆናል፣ ፊት ላይ ደግሞ ፂም ያልነበረውን ፂማም ያደርገዋል። ንድፉን በሌላ ወረቀት ሥሩና ቀን ላይ መስኮት መስታወት ላይ ለጥፋችሁ ንጹሕ ወረቀት ከላይ በማድረግ በቡናማ ከለር እርሳስ በስሱ ገልብጡት። ጥቁር መስመር የምትፈልጉ ከሆነ ውኃ የማያፈርሰው ቀጭን ማርከር ይሻላል፣ እሱንም ቀለም ከመቀባታችሁ በፊት፣ ምክንያቱም ሰም ላይ ስትጽፉበት ጫፉ ይደፈናል። ቢክ እስክሪብቶም ይሠራል፤ እስኪደርቅ ካልታገሣችሁ ግን ነጭ ልብስ ላይ እጃችሁ ይጎትተዋል።

መስመሩ ጠንከር ያለ ይሁን። የድሮዎቹ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎች ቅዱሳኑን በወፍራም ጥቁር መስመር ከበው በንጹሕ ቀለም ይሞሏቸው ነበር፤ እንዲህ ያለ ሥዕል በደካማ ፎቶ ኮፒ እንኳ ማን እንደሆነ ይለያል። ለካርቱንና ለልጆች መጽሐፍ የሚሆን ገጸ ባሕርይ የምትሠሩ ሰዎች ከዚያ ብዙ ትማራላችሁ።

ፊት፦ ትዕግሥት የሚጠይቀው ክፍል

አንድ ቡናማ እርሳስ አንሥቶ ፊቱን በሙሉ መሙላት ፊቱን የሞተ ያደርገዋል። የሰው ቆዳ ሥሩ ቀይና ብርቱካናማ፣ ጥላው ደግሞ ሰማያዊነት ያለው ነው። እኔ የምሄድበት ቅደም ተከተል ይኸው።

1. ብርሃኑ ከየት እንደሚመጣ ወስኑ። ከግራ ከላይ እንበል። ጥላ የሚያርፍበትን፣ ማለትም የአፍንጫውን ቀኝ፣ ከአገጭ ሥር ያለውን አንገት፣ ከቅንድብ ሥር ያለውን የዓይን ጉድጓድ፣ በወይን ጠጅ ወይም በጥቁር ሰማያዊ በጣም በስሱ ሙሉት። በዚህ ደረጃ ሰውየው የተደበደበ ይመስላል፤ አትደንግጡ።

2. ፊቱን በሙሉ በብርቱካናማ ሸፍኑ፣ ጥላውንም ጭምር። ግንባር፣ የአፍንጫ ጫፍና ጉንጭ ላይ ብርሃን የሚያርፍበትን ቦታ ብቻ ዝለሉ። ቀላ ላለ ሰው ብርቱካናማውን በቢጫ አቅጥኑት።

3. አሁን ቡናማው። በሹል ጫፍ፣ ትናንሽ ክብ እያዞራችሁ፣ ሳትጫኑ። አንድ ዙር፣ ከዚያ ሌላ ዙር። የቆዳው ጥቁረት የሚመጣው ከዙሩ ብዛት ነው። እጃችሁ ከደከመና መጫን ከጀመራችሁ ተነሡና ቡና ጠጡ።

4. ጉንጭና ጆሮ ላይ ቀይ ጣል አድርጉ። ከንፈሩን በቡናማና በቀይ።

5. ወደ ጥላው ተመለሱ፣ በጥቁር ሰማያዊና በቡናማ አጠንክሩት። ከሚገባው በላይ አንድ ደረጃ አጥቁሩት እላለሁ። ስካነር ጥቁሩን ትንሽ ያቀለዋል፣ ፈዛዛውን ደግሞ ይበላዋል፤ ስለዚህ በጨለማውና በብርሃኑ መካከል ያለው ልዩነት ወረቀቱ ላይ ሰፋ ብሎ ካልጀመረ ስክሪን ላይ የለም።

ጥቁር እርሳስ ፊት ላይ የሚገባው ለዓይን ብሌን፣ ለሽፋሽፍትና ለአፍንጫ ቀዳዳ ነው። ሌላው ቦታ ላይ ጥላሸት ይመስላል። በጣም ጥቁር ቆዳ ያለው ገጸ ባሕርይ ላይ ብርሃኑ ከሰማዩ ስለሚመጣ፣ በሚያርፍበት ቦታ ፈዘዝ ያለ ሰማያዊ ብታደርጉ ፊቱ ያበራል። ይቺን ብዙ ሰው አያውቃትም፣ ሞክሯት።

ፀጉርን አንድ ላይ አትሙሉት። ሹሩባ ከሆነ እያንዳንዱ ጉንጉን መሀሉ ፈካ ያለ፣ ጠርዙ ጥቁር ነው። አፍሮ ከሆነ ዙሪያውን በተጠማዘዙ አጫጭር መስመሮች ፈታ አድርጉ፣ ውስጡን በጥቁር ሰማያዊና በቡናማ ደራርባችሁ መጨረሻ ላይ ጥቁር ጨምሩ።

ነጠላ፣ ጋቢ፣ የሐበሻ ቀሚስ

እዚህ ላይ ነው ብዙ ሥዕል የሚሞተው። ነጭ ልብስ በነጭ ወረቀት ላይ ስትሠሩ ልብሱን የሚሠራው እጥፋቱ ነው። እጥፋቱን በፈዛዛ ግራጫ ብቻ ብትሠሩት ኮፒ ቤቱ ማሽን ይጠርገዋል። መፍትሔው ሁለት ነው።

አንደኛ፣ ጥላውን ቀለም ስጡት። ደጅ የቆመች ሴት ከሆነች የነጠላዋ እጥፋት ፈዘዝ ያለ ሰማያዊና ወይን ጠጅ ነው፣ ቤት ውስጥ በአምፖል ከሆነ ደግሞ ቢጫና ቡናማ ቀላቅሉ። ጥልቅ እጥፋቶቹን ደፍራችሁ አጥቁሯቸው። ነጭነቱ አይጠፋም። እንዲያውም ይጎላል።

ሁለተኛ፣ ከኋላዋ አንድ ነገር ቀቡ። የጭቃ ቤት ግድግዳ፣ ቆርቆሮ አጥር፣ የቆመ ሰማያዊና ነጭ ሚኒባስ፣ ምንም ካጣችሁ አንድ ወጥ ፈዛዛ ብርቱካናማ። ከኋላው ቀለም ካለ ነጠላው ራሱ ይወጣል፣ ስካነሩም ወረቀቱንና ልብሱን አንድ ነገር ናቸው ብሎ አብሮ አያነጣቸውም።

ጥበቡን መጨረሻ አድርጉት። በሹል ጫፍ፣ ጫን ብላችሁ፣ ቀለሙን ሳትደራርቡ። ወርቃማ ቀለም የሚሆነው ቢጫና ብርቱካናማ ላይ ጥቂት ቡናማ ነው። የሚያብለጨልጭ ወርቃማ እርሳስ ካላችሁ ተዉት፣ ስካን ሲደረግ ግራጫ ቡናማ ይሆናል። ፍሎረሰንት ቀለሞችም እንዲሁ ናቸው፤ ወረቀቱ ላይ ይጮሃሉ፣ ፋይሉ ላይ ድምፃቸው የለም። ስለዚህ የወያላውን ሸሚዝ ደማቅ ማድረግ ከፈለጋችሁ ተራ ቢጫ ተጠቅማችሁ ዙሪያውን አጥቁሩ።

ማጠናቀቅ

ነጫጭ ነጠብጣቦቹ ከቀሩ በነጭ ወይም በፈዛዛ እርሳስ ጫን እያላችሁ ቀለሙን አንድ ላይ አሹት። ይሄንን ግን ትንሽ ቦታ ላይ ብቻ። ሙሉውን ገጽ ካሻችሁት ሰሙ ያብረቀርቃል፣ ያ ብልጭታ በተለይ በስልክ ፎቶ ላይ ነጭ ጉም ሆኖ ይወጣል። ሰም የበዛበት እርሳስ ጫን ተብሎ ከተቀባ ከቀናት በኋላም ላዩ ላይ ፈዛዛ ነጭ ነገር ያወጣል። ሻጋታ አይደለም። በለስላሳ ጨርቅ በቀስታ ስትጠርጉት ይለቃል። ስካን ከማድረጋችሁ በፊት ይሄንን እዩ።

ስትቀቡ ከእጃችሁ ሥር ንጹሕ ወረቀት አድርጉ። ብናኙን በለስላሳ ብሩሽ ጥረጉት፤ በአፍ እፍ ማለት ምራቅ ያመጣል።

ክረምት ላይ ከሰኔ ጀምሮ ወረቀት እርጥበት ይጠጣና ይወዛወዛል። ማታ ላይ ሁለት ንጹሕ ወረቀት መሀል አድርጋችሁ ከፍራሽ ወይም ከመጻሕፍት ሥር አሳድሩት። ይሄ ለስካኑ ወሳኝ ነው፤ ምክንያቱን አሁን እነግራችኋለሁ።

ኮፒ ቤት

ርካሽ ስካነሮችና ብዙዎቹ ትናንሽ ባለ ብዙ ሥራ ማሽኖች ሲአይኤስ የሚባለውን ዓይነት ሴንሰር ነው የሚጠቀሙት። መስታወቱን የነካውን ነገር አጥርቶ ያያል፣ ትንሽ ከፍ ያለውን ግን ያደበዝዛል። የተወዛወዘ ወረቀት መሀሉ ላይ ድብዝዝ ያለ ጨለማ መስመር የሚያወጣው ለዚህ ነው። ሲሲዲ የሚባለው ዓይነት ይሻላል፣ ውድና ከባድ በመሆኑ ግን ኮፒ ቤት ውስጥ ብዙ አይጠብቃችሁ።

ጠዋት ሂዱ፣ ወረፋ ሳይኖር። የትምህርት ቤት ምዝገባ ሰሞንማ አትሞክሩት፣ ማሽኑ ላይ የምትሠራው ልጅ ቀና ብላ አታያችሁም። ለስላሳ ደረቅ ጨርቅ ያዙና መስታወቱን እንድትጠርጉ አስፈቅዱ። ብዙ ጊዜ የደረቀ ፍሉድና የጣት አሻራ አለበት። ከዚያ እንዲህ በሏት፦ «እህቴ፣ ኮፒ አይደለም፣ ስካን ነው። በከለር፣ 600 ዲፒአይ፣ ፎቶ በሚለው ላይ አድርጊልኝ።» «ስንት ገጽ ነው?» ትላችኋለች። «አንድ፣ ግን ቀስ ብለሽ» በሏት።

ትኩረት የሚያስፈልገው እዚህ ነው። ማሽኑ ለሰነድ ተብሎ የተዘጋጀ ነው። ቴክስት የሚለው ላይ ከሆነ ፈዛዛውን ሁሉ ነጭ፣ ጠቆር ያለውን ሁሉ ጥቁር ለማድረግ ይሞክራል። ባክግራውንድ ሪሙቫል የሚባለው፣ ማለትም የወረቀቱን መደብ የሚያነጣው፣ ካለ አስጠፉት፤ የነጠላውን እጥፋት የሚበላው እሱ ነው። ቀለሙንና የጠርዙን ጥራት በራሳቸው የሚቀይሩትን አውቶ ከለርና ሻርፕን የሚሉትንም አስጠፉ። ከላይ ወረቀት ወደሚጎርሰው ክፍል በምንም ዓይነት እንዳታስገቡት፤ ጎማዎቹ ሰሙን ይጎትቱታል፣ ለሚቀጥለው ሰው የልደት ሰርተፍኬትም ቀለም ይተርፈዋል። ሥዕሉን ፊቱን ወደ መስታወቱ አድርጋችሁ፣ ከጀርባው ጥቁር ወረቀት ደርቡበት፣ ከኋላ የተጻፈ ነገር እንዳያሳልፍ። ክዳኑን በስሱ ዝጉ፣ ተጭናችሁ እንዳታሹት። ስትጨርሱ መስታወቱን ጥረጉላት፤ ሰም ይቀራል፣ በሚቀጥለው ጊዜም ፊት ታገኛላችሁ።

ስለ ቁጥሩ፦ ዲፒአይ ማለት ስካነሩ በአንድ ኢንች ውስጥ የሚያነበው የነጥብ ብዛት ነው። ኤ4 ወረቀት በ300 ዲፒአይ 2480 በ3508 ፒክስል ይሆናል፣ በዚያው መጠን ለማተም ይበቃል። በ600 ደግሞ 4960 በ7016 ነው፣ እስከ ኤ2 ድረስ አሳድጋችሁ ብታትሙት አይሰበርም። ከዚያ በላይ መሄድ ለወረቀቱ ቃጫ ካልሆነ ለሥዕሉ አይጠቅምም። ፋይሉን ቲፍ ወይም ፒኤንጂ አድርጋችሁ አውጡ። በ600 የተሰካነ ኤ4 ሳይታመቅ 100 ሜጋባይት ገደማ ስለሚሆን ልጅቷ «ይሄ ምንድነው የሚከብደው?» ልትል ትችላለች። ፒዲኤፍ ብቻ ነው የሚያወጣው ከተባላችሁ ጥራቱን ከፍተኛ ላይ አስደርጉ፤ ካልሆነ ሌላ ኮፒ ቤት ፈልጉ።

ፍላሻችሁ ባዶ ይሁን። የኮፒ ቤት ኮምፒውተር ቫይረስ ታውቁታላችሁ፣ ፋይሉ ሁሉ ሾርትከት ሆኖ ነው ቤት የምትገቡት።

ደጋግማችሁ የምትሠሩ ከሆነ ግን የራሳችሁን ስካነር አስቡበት። ካነን ላይድ 300 እና ኤፕሰን ፐርፌክሽን ቪ39 ኃይል የሚወስዱት ከኮምፒውተሩ በዩኤስቢ ገመድ ነው። መብራት ቢጠፋ ላፕቶፑ ባትሪ እስካለው ይሠራሉ። ለእኛ ሰፈር ከዚህ የተሻለ ምክንያት የለም።

ሥዕሉ ኤ3 ከሆነ በሁለት ከፍላችሁ ስካን አድርጉ፣ መሀሉ ላይ ሰፊ ድርብርብ ይኑር። ወረቀቱን አታዙሩት፣ አንሸራቱት እንጂ። የስካነሩ ብርሃን ከአንድ ወገን ስለሚመጣ ካዞራችሁት የወረቀቱ ሻካራነት ጥላ በሌላ አቅጣጫ ይወድቅና ሁለቱ ግማሾች አይገጥሙም። በዚሁ ባሕርይ መጠቀምም ይቻላል፦ የወረቀቱ ሻካራነት ወይም እጥፋት ካስቸገራችሁ አንዴ ቀጥ አድርጋችሁ፣ አንዴ ሙሉ በሙሉ ገልብጣችሁ፣ ማለትም 180 ዲግሪ አዙራችሁ ስካን አድርጉ፣ ከዚያ ኮምፒውተር ላይ መልሳችሁ አቅኑና አንዱን በሌላው ላይ በ50 ፐርሰንት ደርቡት። ጥላዎቹ እርስ በርስ ይጠፋፋሉ።

ስካነር ከሌለ፦ በስልክ

በረንዳ ላይ፣ ጥላ ውስጥ፣ ከጠዋቱ 3 እስከ 5 ሰዓት ባለው ጊዜ። የክረምት ደመና ደግሞ ለዚህ ሥራ ምርቃት ነው፣ ብርሃኑ ከየትም እኩል ይመጣል። ሰማያዊ ሸራ ወይም ላስቲክ ሥር አትቁሙ፣ ሁሉም ሰማያዊ ይሆናል። ደማቅ ቀለም የተቀባ ግድግዳ አጠገብም እንዲሁ። የአምፖል ብርሃንና የመስኮት ብርሃን አትቀላቅሉ።

ሥዕሉን ወለል ላይ አንጥፉት ወይም ግድግዳ ላይ ለጥፉት። ስልኩን ትይዩ አድርጋችሁ ያዙ፣ ጠጋ ከማለት ራቅ ብላችሁ ሁለት እጥፍ ዙም አድርጉ፣ ጠርዙ እንዳይጣመም። ፍላሽ አጥፉ። ካሜራው ነጩን ወረቀት ሲያይ ፎቶውን ያጠቁረዋል፣ ስለዚህ ስክሪኑን ነክታችሁ ብርሃኑን ትንሽ ጨምሩ። የሰነድ ስካን አፖች ለዚህ አይሆኑም፤ እነሱም እንደ ኮፒ ማሽኑ ወረቀቱን ለማንጣት ሲሉ ፈዛዛውን ይጠርጉታል።

ኮምፒውተር ላይ

ሥዕል ከሚያስተካክሉት ፕሮግራሞች ክሪታና ጊምፕ ነፃ ናቸው፣ ፎቶፒ ብራውዘር ላይ ይከፈታል፣ ስልክ ላይ ስናፕሲድ ይበቃል። መጀመሪያ ዋናውን ፋይል ኮፒ አድርጉና ዋናውን አትንኩት።

ሌቭልስ የሚባለውን የብርሃንና የጨለማ ማስተካከያ ክፈቱ። የግራውን ጥቁር ምልክት ተራራ የሚመስለው ግራፍ እስከሚጀምርበት አስጠጉት፤ ጥላው ወዲያው ይመለሳል። የቀኙን ነጭ ምልክት ግን በጥንቃቄ፣ ዓይናችሁን ነጠላው ላይ ተክላችሁ ግፉት፤ ፈዛዛው እጥፋት መጥፋት ሲጀምር መለስ አድርጉ። ወረቀቱ ፍጹም ነጭ ባይሆን ግድ የለም፣ የወረቀት ጠረን ያለው ሥዕል ያምራል። የቀለም ድምቀቱን ጥቂት ጨምሩ፣ ዋናውን ሥዕል መስኮት አጠገብ ይዛችሁ እያስተያያችሁ። የስልካችሁ ስክሪን ቀለም የሚያጋንን ከሆነ በሌላ ሰው ስልክም እዩት።

ብናኙን በክሎን፣ ማለትም ከአጠገቡ ያለውን ቀለም ገልብጦ በሚሸፍነው መሣሪያ፣ አጥፉ፤ ፊት ላይ ያለውን ብቻ፣ ሌላውን ማንም አያየውም።

ለኢንተርኔት የሚሆነውን ረጅሙን ጎን ወደ 2000 ፒክስል አሳንሱና ጄፔግ አድርጉት። ለደንበኛ ወይም ለአሳታሚ በቴሌግራም ስትልኩ ፎቶ ብላችሁ አትላኩ፣ ቴሌግራም ያሳንሰዋል። ፋይል በሚለው ላኩት። የምታሳትሙት ከሆነ ደግሞ ሙሉውን ከማዘዛችሁ በፊት ፊቱንና ነጠላውን ብቻ ቆርጣችሁ በትንሽ ወረቀት አሳትሙና እዩ፤ የኮፒ ቤት ከለር ፕሪንተር ቡናማውን አብዝቶ የሚያጠቁር ከሆነ ፋይሉን በዚያው ልክ ፈካ አድርጋችሁ መልሱለት።